ጃንሆይ ዛሬም አዘነበሉ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1953

ከፋሲካ ዕረፍት ተመለስን። የመጡት ልጆች ከግማሽ ጥቂት ቢበልጡ ነው። የቀሩት ወይ ከዘመድ ቤት አልተመለሱም፣ ወይ ወላጆቻቸው ትምህርት ቤት የሚባል ነገር መኖሩን ረስተዋል።

ከበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደርሶኛል። በግንቦት መጨረሻ ኢንስፔክተር ይመጣል። ተመዝነን ካለፍን በመስከረም አምስተኛ ክፍል እንድንከፍት ይፈቀድልናል። ካላለፍን አራተኛን የሚጨርሱት ልጆች እንደ ዱሮው እስከ ከተማው መሀል መሄድ አለባቸው። ወንዶቹ ይሄዱ ይሆናል። ሴቶቹ አይሄዱም። አምና አራተኛን ከጨረሱት ሴቶች ዛሬ በትምህርት ላይ ያለች አንዲትም የለችም።

እስከዚያው ራሳችንን እንድንመዝን ታዘናል፤ ሕንፃ፣ ንጽሕና፣ የመምህራን ችሎታ፣ የልጆች መሻሻል። ተገቢ ትእዛዝ ነው። እኔ የበላይ ብሆን የማዘው ይህንኑ ነበር።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 11

ምዘናውን ከወይዘሪት ዓለምነሽ ጀመርሁ። አራተኛ ክፍልን የምታስተምረው በአዲሱ ክፍል ውስጥ ነው፤ ወላጆች ድንጋይ ተሸክመው፣ ጭቃ ረግጠው አምና የሠሩት፣ በሩ ወደ መንገዱ የሚያይ። ቤይሩት ስማር ያስተማረን ሰው ክፍል ልንመዝን ስንገባ ከመጨረሻው ወንበር እንድንቀመጥ ያዝዘን ነበር። ተቀመጥሁ።

የጻፍሁት ይህ ነው። የሰሌዳ ጽሕፈቷ ንጹሕ። ድምፅዋ ይሰማል። ማካፈል ስታስረዳ ትቸኩላለች። ልጆቹ አይፈሯትም፤ ይህ ጉድለት ይሁን ችሎታ ገና አልወሰንሁም።

በመሀሉ ግራ ትከሻዬን ብርድ መታኝ። መስኮቱ ዝግ ነበር። ዞር ስል ከወለሉ ተነሥቶ ወደ ላይ የወጣ ስንጥቅ አየሁ። ነፋሱ የሚገባው በዚያ ነው። አጠገቤ የነበረችው ደራርቱ የምትባል ልጅ ከስንጥቁ ውስጥ እርሳሷን መዝዛ አወጣች።

«ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኋት ቀስ ብዬ።

«ከገና በፊት ጀምሮ፣ ጋሼ። የእርሳስ ማስቀመጫችን ነው። ዱሮ የኔን ብቻ ነበር የሚይዘው፤ አሁን የሁላችንንም ይይዛል።»

ይህን በምዘናው ወረቀት ላይ አልጻፍሁትም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 13

የክፍሉን ግንበኛ ጉታን አስጠራሁት። ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፣ ጆሮውንም አስጠጋ፣ እንደ ሐኪም።

«ልስኑ ነው፣ ጋሼ። ልስን ሲደርቅ ይተረተራል።»

«ልስን ቢሆን ነፋስ ያስገባል?»

«ነፋስማ የት የማይገባበት አለ? የእንጦጦ ነፋስ እኮ ነው።»

«ጉታ፣ አትቀልድብኝ።»

«እኔ ልቀልድ? አንድ ነገር ቢሆን መጀመሪያ የሚያዘው ማን ሆነና ነው የምቀልደው?»

ስንጥቁን በጭቃና በኖራ ደፈነው። ሲወጣ፣ ከታች ወንዝ እንዳለና መሬቱ ተጭኖ በመጣ አፈር የተሞላ እንደሆነ አስታወሰኝ። ቦታውን የመረጠው የወላጆች ኮሚቴ ነው። በቃለ ጉባኤ ተጽፏል።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 19

ኖራው ተሰነጠቀ። የክብሪት እንጨት ብሰድበት ገባ። የአፍሪካን ካርታ ሰቀልሁበት። ለጊዜው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 21

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ነገሩን በሥርዓት ላስብበት።

ለበላይ ብጽፍ አዲሱ ክፍል ይታሸጋል። ያለ አዲሱ ክፍል ያለን ሁለት ጨለማ ክፍልና አንድ የሣር ጎጆ ነው። በዚያ ማንም አምስተኛ ክፍል አይፈቅድልንም። ደግሞ መጠየቅ ይመጣል። ማን አሠራ? ማን ፈረመ? ከታኅሣሡ ግርግር ወዲህ የተማረ ሰው ስለ ምንም ነገር ባይጠየቅ ይሻለዋል። አብሮኝ ቤይሩት የተማረው ጓደኛዬ ስለ አንድ እራት ግብዣ ሁለት ጥያቄ ሊመልስ ሄዶ እስካሁን አልተመለሰም። እኔም ከዚያ እራት ላይ ነበርሁ። ምግቡ መጥፎ ነበር፤ ቀድሜ ወጣሁ። ማንም አልጠየቀኝም። ገና አልጠየቀኝም።

ባልጽፍስ? ግድግዳ ተሰነጠቀ ተብሎ ሁሉ አይወድቅም። የቁስቋም መንገድ ላይ እኔ ሳውቀው ሃያ ዓመት ዘምሞ የቆመ የድንጋይ አጥር አለ። ክረምቱም ሩቅ ነው።

ባለቤቴ ጽጌረዳ ነቅታ፣ «እርስዎ ያገቡት እኔን ነው ወይስ ያን ግድግዳ? ሌሊቱን በስሙ ሲጠሩት አደሩ» አለችኝ። ግድግዳ ስም የለውም አልኋት። ምን ብዬ እንደ ጠራሁት ግን አልጠየቅኋትም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 25

ካርታው አላዋጣም። ነፋስ በገባ ቁጥር አፍሪካ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ትነፋለች። ልጆቹ ይስቃሉ፤ ትምህርት የለም።

ዛሬ አቶ ሙዘይን መጡ። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ ከኛ በላይ ባለው መንገድ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። በሁለት ኩሊ ትልቅ የጃንሆይ ሥዕል አሸክመው አመጡ፤ ባለ መስተዋት፣ ባለ ወርቅ ቀለም ክፈፍ።

«ለሚያዝያ ሃያ ሰባት በዓል ይሁን ብዬ ነው፣ አቶ ቦጋለ። መርካቶ ነው ያስገጠምኩት። መስተዋቱ እንዴት ወፍራም እንደሆነ ይዩት።»

የት ይሰቀል በሚለው ሁሉም ሐሳብ ሰጠ። ዓለምነሽ ከሰሌዳው በላይ አለች። ትክክሏን ነበር፤ የሥዕሉ ቦታ በየትም ቢሆን ከሰሌዳ በላይ ነው። እኔ ግን ከጎኑ ግድግዳ ላይ ይሁን፣ በሩ ሲከፈት ከመንገድ ይታያል አልሁ። ይህን ማን ይቃወማል? ትልቅ ስለሆነ በሁለት ምስማር ተሰቀለ፤ አንዱ ከስንጥቁ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ። ታችኛው ጫፍ ወለሉን ሊነካ ጥቂት ነው የቀረው። ከታች ለቀረው ልጆቹ የበዓል አበባ በቆርቆሮ አስቀመጡበት።

ዓለምነሽ የተጠቀለለውን ካርታ ይዛ አየችኝ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 28

በዓሉ ደህና አለፈ። ልጆቹ ዘመሩ። ዘበኛችን ቶለሳ ኒሻኑን አድርጎ ከሥዕሉ ፊት እግሩን ገጥሞ ሰላምታ ሰጠ። ግድግዳው አያስታውቅም። ከዓመት ዓመት እንዲህ ቢሆን።

ሰኞ፣ ግንቦት 7

ጠዋት ገና ከግቢው በር ሳልደርስ ቶለሳ ከክፍሉ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጮኸ።

«ጋሼ ዲሬክተር! ጃንሆይ ዛሬም አዘነበሉ!»

መንገዱ ላይ ሰው ያልፍ ነበር። አንዱ ቆመ። ወደ ቶለሳ ሮጥሁ።

«ዝም በል አንተ! ምን ዓይነት ንግግር ነው?»

«ምን አጠፋሁ? በግራቸው በኩል ነው ያዘነበሉት። በየጠዋቱ አቃናቸዋለሁ፣ በየጠዋቱ ያዘነብላሉ።»

«ሥዕሉ በል። ያዘነበለው ሥዕሉ ነው።»

«ሥዕላቸውስ እሳቸው አይደሉም እንዴ?» አለኝ፣ እኔን እየታዘበ።

የቆመው ሰው ሄደ። ፊቱን አላየሁትም።

የግራው ምስማር ወርዷል። ምስማሩ ከግድግዳው አልተነቀለም፤ ግድግዳው ነው ይዞት የወረደው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 9

ዓለምነሽ ቢሮዬ ገብታ በሩን ዘጋች።

«አቶ ቦጋለ፣ ልጆቼን ዛፉ ሥር ላስተምራቸው?»

«የተሠራ ክፍል ባዶውን ቆሞ፣ ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠው ሲያይ ኢንስፔክተሩ ምን ይላል?»

«እሱ ምን እንደሚል አላውቅም። እኔ የማስበው እናቶቻቸው ምን እንደሚሉ ነው።»

ጮህሁባት። በማካፈል የምትቸኩል መምህርት ስለ ሕንፃ ልታስተምረኝ አትችልም አልሁ። አልተቆጣችም፤ ይህ ይበልጥ አናደደኝ። ከሄደች በኋላ ያሳየችውን ድፍረት ልጽፍባት ብዕር አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥሁት።

ማታ ላይ ከቶለሳ ጋር ወንበሮቹን ከግድግዳው አራቅናቸው። እስከ ጉብኝቱ ብቻ ነው። ኢንስፔክተሩ በሄደ ማግስት ክፍሉን እዘጋለሁ። ይህን እዚህ የምጽፈው ራሴን ለመያዝ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 16

የራስ ምዘናውን ጨረስሁ። ንጽሕና፣ መካከለኛ፤ መጸዳጃው ያሳፍራል። የመምህራን ችሎታ፣ ከአንዱ በቀር መልካም። የልጆች መሻሻል፣ መልካም፤ በንባብ ከአምናው በግልጽ ይበልጣሉ። በዚህ እኮራለሁ። ማንንም ሳልፈራ የጻፍሁት ይህን ብቻ ነው።

«ሕንፃ» የሚለውን ዘልዬ ሄድሁ፣ ተመለስሁ፣ ዘለልሁ። በመጨረሻ «መልካም» አልሁ። ፊደሉ ተበላሸብኝ። ልጅ ቢሆን አስደግመው ነበር።

ስለ ቦታው ደግሞ። የመረጠው ኮሚቴው ነው፤ ኮሚቴውን የመራሁት እኔ ነኝ። አቶ ሙዘይን ከኋላ ባለው ጭንጫ ላይ ይሠራ ብለው ነበር። ከመንገድ አይታይም አልሁ። ቃለ ጉባኤውንም የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 24

መጣ። ሄደ።

ሰውየው ደስ የሚል ነው። ጫማውን ከደጃፍ አራግፎ ገባ፤ ልጆቹ ተነሥተው ሰላምታ ሰጡ። ከሥዕሉ ፊት ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣ። የማካፈል ጥያቄ ሰጠ፤ ደራርቱ ሰሌዳው ላይ ወጥታ ሳትቸኩል ሠራችው። ዓለምነሽን አየኋት፤ እሷም እኔን። እንዲህ ያለ መተያየት ከዚህ በፊት በመሀከላችን አልነበረም።

ኢንስፔክተሩ ሲናገር ክንዱን ዘርግቶ ግድግዳውን ተደገፈ።

«አቶ ቦጋለ፣ በዚህ አካባቢ እንዲህ ያለ ክፍል አላየሁም። አምስተኛውን ክፈቱ። ደብዳቤው ይከተላል።» ከዚያ ዞር አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብቻ ሥዕሉ ትንሽ አዘንብሏል። ቶሎ አቃናው። ዘንድሮ ሰው ከትንሽ ነገር ብዙ ያነባል።»

ቶለሳ ከደጃፍ ሮጦ መጣና አቃናው።

ያን ጊዜ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። «ሌላ የምትለው አለ?» አለኝ። «መጸዳጃው» አልሁ። «መጸዳጃው ጥገና ይሻል።»

ማክሰኞ፣ ግንቦት 29

ደብዳቤው መጣ። አምስተኛ ክፍል ተፈቅዷል። ሁለተኛ ገጽ አለው። ክፍላችን ካካባቢው ሁሉ የተሻለ ስለሆነ፣ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ሰኔ 19 ቀን በዚያ ይሰጣል፤ የጎረቤት ትምህርት ቤት ልጆችም መጥተው ይፈተናሉ።

ክፍሉን ልዘጋው ነበር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 7

ዝናብ። ከሥዕሉ ጎን ስንጥቁ ውስጥ ጣቴን አስገባሁ። እስከ ሁለተኛው አንጓ።

ሰኞ፣ ሰኔ 12

ሚካኤል ነው፤ ትምህርት የለም። ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ጣለ። ጽጌረዳ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እኔ ካፖርቴን ደርቤ እየወጣሁ ነበር። «ሰው በበዓል ቀን ሚካኤልን ይሳለማል፤ እርስዎ ግድግዳ ይሳለማሉ» አለች። ፊቷ ላይ ግን ቀልድ አልነበረም።

ከበስተኋላ ዞሬ አየሁ። ወንዙ ከሥር አፈሩን በልቶታል፤ የመሠረቱ ድንጋይ ድድ እንደ ራቀው ጥርስ ሆኗል። ውስጥ ገብቼ የስንጥቁን ስፋት ልለካ ሥዕሉን ለማውረድ እጄን ዘረጋሁ።

«ምን ሊያደርጉ ነው?» ቶለሳ ከኋላዬ ነበር።

«አቧራ ልጠርግ።»

«እኔ ጠርጌአለሁ።»

እጄ እንደ ተዘረጋ ቀረ። ቶለሳ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ይናገራል፤ ያየውን ሁሉ ለሁሉም ይናገራል። ደግሞ ባዶ ክፍል ውስጥ፣ በበዓል ቀን፣ ብቻውን ሥዕል ሲያወርድ የተገኘ ሰው ምን ብሎ ያስረዳል? እጄን ኪሴ ከተትሁ። ቶለሳ ሥዕሉን አቃንቶ በሩን ዘጋው።

እሑድ፣ ሰኔ 18

ነገ ነው። አንድ ቀን ብቻ ነው። ሦስት ፈተና፣ ከዚያ ይዘጋል። እስካሁን ቆሟል፤ አንድ ቀን ምንድን ነው?

ይህን ከላይ የጻፍሁትን አነበብሁት። ልጅ የጻፈው ይመስላል።

ሰኞ፣ ሰኔ 19

መሽቷል። ቢሆንም ሁሉንም በቅደም ተከተል እጽፋለሁ፤ ብጠየቅ ቃሌ እንዳይለያይብኝ።

እንግዶቹ ልጆች ስለበዙ ወንበሮቹ እስከ ግድግዳው ተጠጉ። ደራርቱ ከቀድሞ ቦታዋ ተመለሰች። ፈታኙ ከጎረቤት ትምህርት ቤት የመጣ ወጣት ነው፤ ሰዓቱን ከእጁ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እኔ ከመጨረሻው ወንበር ነበርሁ። ሁለተኛው ፈተና እንደ ተጀመረ ዝናቡ መጣ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ቢጮህ አይሰማም።

ያን ድምፅ ግን ሰማሁት። የሥዕሉ መስተዋት ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀ። ከጎኑ ቀይ አፈር ፈሰሰና ደራርቱ ወረቀት ላይ ወረደ። እፍ ብላ አራገፈችው። ጽሕፈቷን ቀጠለች።

ተነሣሁ። «ውጡ!» አልሁ።

ልጆቹ አልወጡም። በፈተና መሀል መነሣት ወረቀት እንደሚያስቀማ ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ። ፈታኙ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ።

«ምን ሆነዋል? ፈተናው ይሰረዛል! ማን አዘዘ?»

«ግድግዳው ሊወድቅ ነው።»

«የቱ ግድግዳ?» ዙሪያውን አየ። በኖራ የተቀባ ግድግዳ፣ ትልቅ ሥዕል፣ በቆርቆሮ የተቀመጠ አበባ። ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም። እንዳይታይ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ወንበር ላይ ወጣሁ። ክፈፉን በሁለት እጄ ያዝሁ። «ኧረ ጋሼ! ኧረ ምን ነካዎት!» የሚለው የቶለሳ ድምፅ ነበር። አወረድሁት።

ከጀርባው ክንድ የሚያሾልክ ቀዳዳ ነበር። በዚያ በኩል የወንዙ ዳር ባሕር ዛፍ ታየ፤ ዝናቡም ይገባ ነበር። ክፍሉ ሁሉ አየው። ፈታኙ ግድግዳውን አላየም፤ ሥዕሉን ከነተሰነጠቀ መስተዋቱ እጄ ላይ ነበር የሚያየው።

«ልጆች፣ ወረቀታችሁን ልብሳችሁ ውስጥ ክተቱና ተከተሉኝ!» አለች ዓለምነሽ። አልቸኮለችም። ከበሩ በኩል ካሉት ጀምራ በረድፍ አስወጣቻቸው። ደራርቱ የመጨረሻዋ ነበረች። በሩ ጋ ስትደርስ ተመለሰች፤ ተለዋጭ እርሳሷን ከስንጥቁ ግርጌ ልትወስድ። ከእናቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

አቶ ሙዘይን የሱቃቸውን መጋዘን ከፈቱ። ልጆቹ በአቡጀዲ ጣቃ ላይ ተቀምጠው ፈተናውን ጨረሱ። ፈታኙም ሰዓቱን ይዞ መጣ። ከኔ ጋር ግን አልተነጋገረም።

ሥዕሉን ቶለሳ ከእጄ ተቀበለኝ። ካፖርቱን አውልቆ ጠቀለለበትና ራሱ እየረጠበ ወደ ዘበኛ ቤቱ ወሰደው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 20

ከፖሊስ ጣቢያ ሁለት ሰዎች መጡ። ወደ ክፍሉ ግቡና እዩት አልኋቸው። ጭቃ ስለነበረ ከመንገድ ሆነው አዩ።

«ግድግዳው ቆሟል እኮ፣ አቶ ቦጋለ።»

«ከውስጥ ነው።»

«ቆሟል። ሥዕሉን ግን በልጆች ፊት አውርደው ሰብረዋል፤ ይህ እውነት ነው?»

«መስተዋቱን የሰበረው ግድግዳው ነው።»

አንደኛው ሳቀ። ሌላው በታኅሣሡ ግርግር የት እንደነበርሁ ጠየቀኝ። ሐሙስ ጠዋት ጣቢያ እንድቀርብ ታዘዝሁ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 21

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። አሁንም ይዘንባል። ጽጌረዳ አልተኛችም፤ ከጀርባዬ ተቀምጣ ጋቢዬን ትሰፋለች፣ ያልተቀደደ ጋቢ።

ከሚያዝያ ጀምሮ ግድግዳው እንዳይወድቅ እየለመንሁ ኖርሁ። ዛሬ ማርያምን የምለምነው ሌላ ነው። ውደቅ። ማንም የለብህም፤ ባዶ ነህ። ዛሬ ሌሊት ውደቅ። ነገ ሲመጡ ድንጋይህን ከወንዙ ውስጥ ይዩት።

እያንዳንዱ ነጎድጓድ እሱ ይመስለኛል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 22፣ ጠዋት

ዝናቡ አባርቷል። በጓሮ ዞሬ ትምህርት ቤቱን አየሁ። አልወደቀም። ከጥግ እስከ ጥግ አንዲት ድንጋይ አልወረደችም።

ጽጌረዳ ጋቢውንና ዳቦ በመሐረብ ቋጥራ ሰጠችኝ። «ብርድ ነው፣ ይያዙት» አለች። ጋቢው ለሰኔ ብርድ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ቶለሳ ከትምህርት ቤቱ በር ኒሻኑን አድርጎ ጠበቀኝ።

«እኔም አብሬዎ እሄዳለሁ።»

«ምን ልትላቸው?»

«ዝናብ እንዳልነካቸው እመሰክራለሁ። በካፖርቴ ነው የጠቀለልኳቸው። እዩት፣ ደረቅ ናቸው እላለሁ።» ከዚያ ቁልፉን አውጥቶ የአዲሱን ክፍል በር ሊቆልፍ ሄደ፤ በየቀኑ እንደሚያደርገው።

«ተወው» አልሁት። «ክፈተው። ወለል አድርገህ ክፈተው።»

«ልጅ ቢገባስ?»

ከወንበሮቹ ሁለት አምጥተን ደጃፉ ላይ አጋደምናቸው፤ ልጅ እንዳይገባ፣ ዓይን እንዳይከለክሉ። መንገዱ ላይ ወጥቼ ዞር ብዬ አየሁ። ሥዕሉ የነበረበት ቦታ ከሌላው ይልቅ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። በመሀሉ ስንጥቁ ይታያል፤ ከመንገድ፣ ከሩቅ፣ ላለፈ ሁሉ።